ሲራጁዲን የለቀቃት ኳስ

አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ ሁሉ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ልጅዎ ሲራጁዲን እዚህ አርሊንግተን የሣር ሜዳ ኳስ ክለብ ገብቷል። ጨዋታው ከባድ ኳስ እያንከባለሉ ራቅ ብላ ወደተቀመጠች ትንሽ ነጭ ኳስ ማስጠጋት ነው። ከባዱ ኳስ ወደ አንድ ጎን ስለሚያደላ መንገዱ ቀጥ አይልም፤ ይታጠፋል።

ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር። ነጯ ኳስ አጠገብ ቆሜ «እዚህ ነኝ!» አልኩት። ወደ ድምፄ ዞሮ የመጨረሻዋን ኳስ ለቀቃት። ወደ ሜዳው ጠርዝ ስትሄድ በቃ ጠፋች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ ታጠፈች፤ በተጋጣሚዎቹ ኳሶች መሃል ሾልካ ነጯን ነካ አድርጋ ቆመች። ሱብሐነላህ! አሜሪካኖቹ ሁሉ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«መስዑዳ፣ ደረሰች ወይ?» አለኝ።

«ነክታታለች!» ስለው ሣሩ ላይ ሱጁድ ወረደ።

የኤርፖርት ሹፌርነቱን ትቷል። መኪናውንም የምነዳው እኔ ነኝ፤ ይረፍ ብዬ ነው።

ለጎረቤት ሁሉ ሰላም ይበሉልን፤ ከዱዓዎ አይለዩን። ደግሞ ከእንግዲህ በፎቶ ፋንታ ድምፅዎን እየቀዱ ይላኩለት፤ ደስ ይለዋል።

ምራትዎ መስዑዳ