ግቢያችን ውስጥ የወደቀው ኮሶ

የኔ ጌታ፣

ትናንት በቀበሌ ሱቅ የሳሙና ሰልፍ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ «እዚያ ቤት እኮ የሞተ ነገር አያወጡም» አለች። ስለ እኛ ቤት ነው። ሐሜት ቢሆንም ትክክለኛ መሆን አለበት፤ አንተን በሞትክ ማግስት፣ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው ያወጣንህ። እድራችን እንደዚያ ቀን ተቻኩሎ አያውቅም። ዞር ብዬ ላርማት አሰብኩ፤ ተራዬን እንዳልነጠቅ ፈርቼ ተውኩት።

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሆነን። ቤቱ ደኅና ነው። ጣራው ድሮ በሚያፈስበት በኩል ያፈሳል፤ ባልዲውም ቦታውን አልለቀቀም። ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጠሁት። በሽሮ ሜዳው መንገድ ለብሶት ሲወርድ ከሩቅ ካፖርቱን ብቻ አየሁና፣ ገብቼ ሁለት ሲኒ አቀረብኩ። ሁለተኛውን እሱ ጠጣው፤ ለማን እንደተቀዳ አልነገርኩትም።

ሴቶቹ የሚያሙት ሳይፈለጥ የተተወውን የኮሶ ዛፍ ነው። የወደቀ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሦስት ክረምት አለፈው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ሊያግዘን መጣ፤ ማገዶ በጠፋበት ዘመን ሰው ለእርዳታ ፈጣን ነው። አንተ በፒጃማ ወጥተህ ግንዱ ፊት ቆምክና፣ «ተዉት፣ ገና ሥራ መጀመሩ ነው» አልካቸው። የሳይንስ አስተማሪ ስለሆንክ ይቅርታ አደረጉልህ። እኔ ትንሽ ቆይቼ ነው ይቅርታ ያደረግኩልህ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዱካህን ግንዱ አጠገብ አድርገህ ትቀመጥ ነበር። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሕይወት የነበረው ከልጡ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ውስጡ ድሮውኑ የሞተ ነበር፤ አሁን ግን ነዋሪ የሌለበት ክፍል የለውም አልከኝ። ጥንዚዛው፣ ጉንዳኑ፣ እንጉዳዩ፣ ግንደ ቆርቁሩ። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ለበጋ ያስቀምጣል፤ ሣር አንቆ የሚገድለው ችግኝ እሱ ላይ ከበቀለ ይተርፋል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ወድቀው ሌላውን የመገቡ ታላላቆችን በመጻሕፍት አውቃለሁ፤ ሐውልት ያልጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። አንድ ቀን፣ «እኔም ስሞት እንዲህ ብሆን ደስ ይለኛል» አልከኝ። ሻይህ ቀዘቀዘ አልኩህ።

የለቅሶህ ዕለት የእድሩ ሰዎች ለንፍሮው ማገዶ ቸገራቸውና ግንዱን ሊፈልጡት ተነሡ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ እንደለበስኩ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ሐዘን ያናወጠኝ መስሏቸው ሌላ ማገዶ ፍለጋ ሄዱ። ሐዘንተኛ መሆን ጥቅም አለው።

ባለፈው ሳምንት ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ተከታዮቹን ይዞ መጣ። ታውቀዋለህ፤ ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ የጣልከው ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አያየውም። «እትዬ፣ የጽዳት ዘመቻ ነው፤ እስከ እሑድ ካልተነሣ ፈልጠን ለሕዝብ እናከፋፍለዋለን» አለኝ። በዚያ ሰውዬ ትእዛዝ ከየቤቱ የተነሡት እንጨቶች ብቻ አይደሉም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ግንድ ያለውን ሁሉ አከፋፍሎ ጨርሷል፤ ጎንበስ ይበሉና ይዩ» አልኩት። እርስዎ አልኩት፤ ጊዜው ነው።

ጎንበስ አለ። ከበሰበሰው እንጨት ላይ አራት የኮሶ ችግኞች ስንዝር ስንዝር አክለው ቆመዋል። አንዱን በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ተከታዮቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ ይህን ፈተና ላይ አውጥተውብኝ ነበር። ባዶውን ነው የተውኩት» አለ።

ቀና ሲል ተመልሶ ሊቀመንበር ሆነ። ግንዱ «የእንግዳ መቀመጫ» ተብሎ እንዲመዘገብና ኖራ እንዲቀባ አዘዘ። ቀባሁት፤ ከመንገድ የሚታየውን ጎን ብቻ። በዚያኛው በኩል ጉንዳኖቹ ለውጡን ገና አልሰሙም።

ሰኔ ገብቷል፤ ትናንት ማታ ጥሩ ዘነበ። ችግኞቹን ጠዋት ጠዋት አያቸዋለሁ፤ አንዱ ወደ ኩሽናው ያዘነበለ ነው፣ እንዳንተ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ግንዱን የሚነካው የለም፤ አንተንም እንዲሁ ከአጠገቡ ተቀምጬ አስብሃለሁ፣ ሻይ ቢቀዘቅዝም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። የቀብርህ ዕለት እድሩ ያመጣውን የባሕር ዛፍ ሣጥን አልቀበልም ብዬ፣ ጥድ አስመርጬ ገዛሁልህ። አናጢው መቶ ዓመት አይበሰብስም ብሎ ምሎልኛል።