ያልተቃኘው ከበሮ

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ ለሚጡ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ጋብ አለልሽ? እኛ አለን ከማለት በቀር ምን እንላለን። እናትሽ ከአልጋ ተነስታለች፤ ምግብ ግን ትቀምሰዋለች እንጂ አትበላም። እኔም የልብስ ስፌት ቤቴን ከፍቻለሁ። ቁጭ ብዬ ከመብሰልሰል ይሻላል ብዬ ነው እንጂ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባቱ ራሱ ያታክተኛል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።

ወንድምሽ በመጨረሻው ሰሞን ይሠራው የነበረውን ዘፈን ታውቂዋለሽ፤ ድምፅሽን ካለሽበት አገር ቀድተሽ የላክሽለትን። ሳይጨርሰው ነው ያረፈው። አብሮት ሙዚቃ ያቀናብር የነበረው ጓደኛው፣ ረጅሙ፣ "አባባ፣ እኔ ልጨርሰው፤ መጥታችሁ ስሙት" አለን። ትናንት ከእናትሽ ጋር ወደሚሠሩበት ስቱዲዮ ሄድን። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ናት። የወንድምሽ ሹራብ አሁንም ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ረጅሙ ሊያነሳው እጁ አልሄደለትም።

ዘፈኑን ከፈተው። ያንቺ ድምፅ ሲመጣ ከሥሩ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አለ። ረጅሙ አቆመውና አንገቱን ደፋ።

"ምነው?" አልኩት።

"ከበሮው ከዘፈኑ ቅኝት ወጥቷል፣ አባባ።"

"ከበሮም ይቃኛል እንዴ? መምታት ብቻ መስሎኝ።"

"ይቃኛል። በኮምፒውተር የምንሠራው ከበሮም የራሱ ቃና አለው። ከዘፈኑ ቅኝት ትንሽ ከፍ ካለ ከቤዙ፣ ከወፍራሙ ድምፅ ጋር ይጣላል፣ ዘፋኙንም ያደበዝዘዋል።"

እናትሽ ቆጣ ብላ፣ "ልጄ ሥራውን አያውቅም ነበር ልትለን ነው?" አለች።

ረጅሙ የወንድምሽን የድሮ ሥራዎች ከፈተልን። የሁሉም ከበሮ ከዘፈኑ ጋር ልክክ ያለ ነው። "እሱ ስክሪን አያይም፤ በጆሮው ነበር የሚቃኘው። እኔን ሲያርመኝ ነው የኖረው" አለ። ከዚያ ወደ እናትሽ ዞሮ፣ "እማማ፣ በመጨረሻ አልሰማ ብሎት ነበር። ለሕመሙ ይወስደው የነበረው መድኃኒት ነው ጆሮውን የጎዳው። እንዳልነግራችሁ አስምሎኝ ነው" አለ።

ሚጡዬ፣ ሁሉም ነገር የገባኝ ያኔ ነው። እናትሽ ከማድ ቤት ስትጠራው ዝም ሲላት፣ "ልቡ ሸፈተብን" ትል ነበር። እኔ ሳወራው አፍ አፌን ያያል። አንቺ ስትደውይ ስልክ አያነሳም፤ "ደህና ነኝ" ብሎ በጽሑፍ ብቻ ይመልስልሻል። "ትቼው ስለሄድኩ ተቀይሞኝ ነው" እያልሽ ስንት ጊዜ አለቀስሽብኝ። አልተቀየመሽም፣ ልጄ። ድምፅሽን መስማት አቅቶት ነው። ያን የላክሽለትን ዘፈን እንኳ መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ፣ ንዝረቱን እየዳሰሰ ነበር የሚሠራው፣ ይላል ረጅሙ።

"እሱ እንደተወው ይሁን ወይስ ልቃኘው?" ብሎ ጠየቀን። እኔ እንዳለ ተወው ልል አፌን ስከፍት እናትሽ ቀደመችኝ።

"ቃኘው። ቢሰማ ኖሮ እንዲህ አይተወውም ነበር።"

ከበሮውን በጥቂት በጥቂቱ እያወረደ ሞከረ። አንድ ቦታ ሲደርስ ያ የሚጎረብጠው ነገር ጠፋ፤ ያንቺም ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። እናትሽ እንባ እንኳ አላወጣችም። "በሩ ላይ የቆመች ነው እኮ የምትመስለው" አለች። እኔ ካውያ ሳልነቅል መጥቻለሁ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆየሁ።

ረጅሙ ይልክልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አትስሚው፤ የምትቀርቢው ሰው አጠገብሽ ይኑር።

እናትሽ "ነይ በላት" አላለችኝም። አታስጨንቃት ነው ያለችኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ያንቺን ክፍል መስኮት ከፍታ ፍራሽሽን ስታናፍስ አገኘኋት። አልፌያት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ፤ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ።

አባትሽ