ግራ ተከላካይ የሆነው የኮቴ ቁልፍ

ስማኝማ አንተ ጯሂ፣

ትናንት ኮቴን ላስተኩስ ላውንደሪ ገብቼ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። የዚህ አገር ብሔራዊ ቡድን በማጣሪያው ሁለቴ ተሸንፏል፤ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። እኛ ጋ እንዳንተ ጉሮሮ ያለው ክርክሩን ይረታል። እዚህ ግን አሰልጣኙን መውቀስ የፈለገ ሰው፣ መጀመሪያ ከደንበኛ ልብስ የወደቁ ቁልፎችን በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቡድኑ አሰላለፍ ደርድሮ ቡድኑ የቱ ጋ ቀዳዳ እንዳለው በጣቱ ማሳየት አለበት። አንድ ቁልፍ ስለጎደለ የኮቴን በጠስኩላቸው፤ ግራ ተከላካይ ሆነ።

የላውንደሪው ባለቤት ታላቅ ወንድም ዓይነ ስውር ናቸው፤ ኳስ የሚከታተሉት በሬዲዮ ነው። ቁልፎቹን በመዳፋቸው ዳሰሱና ጣታቸውን የእኔው ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ልጅ ወደፊት ሲሄድ ቦታውን ማን ይሸፍናል?»



ዛሬ ጨዋታውን እዚያው አየሁ። ጎሉ የገባብን በዚያው በኩል ነው። ሽማግሌው ግን «ብያችሁ ነበር» እንኳን አላሉም፤ ቁልፌን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ «ልጁ ምን ያድርግ፣ ብቻውን ትተውት» አሉ።

መልሱልኝ ማለት አቃተኝ። ኮቴ አሁን እንደ ግራ መስመራችን ነፋስ ያስገባል። ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ፤ አንተም ጉሮሮህን አሳርፈህ ቁልፍ አጠራቅም።