በስሜ የተቀየረ የውሃ ተራ

ሰኞ፣ ጥር 4/2018
ሥልጠናው ተጀመረ። ደብዳቤው "ለመንግሥት ሠራተኞች የድረ ገጽ መተግበሪያ አሠራር" ይላል። ከመስኖ ክፍል እኔና ጀሚል ተመረጥን። ለምን እኔ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የገበሬውን የውሃ ተራ መዝገብ ይዣለሁ... ኮምፒውተር የማውቀው ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ ነው።

አሠልጣኙ ዘካሪያስ ይባላል፤ ከደሴ የመጣ ወጣት። ገና በወጉ ሳንተዋወቅ "መዝገቡን ባየው?" አለኝ። ምን ሊያደርግለት?

ጀሚል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ዓሊማ፣ መዝገቡ ኮምፒውተር ከገባ አንቺን ምን ያደርጉሻል?" አለ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 7
በገዛ ሥራችሁ ተለማመዱ ተባልን። የሮቢቱን ጉድጓድ ያዝኩ፤ የአሥራ አራት አባወራ ተራ።

ይህ ዘካሪያስ ጥያቄ አያልቅበትም። ተራ ማን ያወጣል? የውሃ አባት፣ ገበሬው የመረጠው ሽማግሌ። "ተራ ሲቀየርስ ማን ያጸድቃል?" እዚህ ላይ ቆም አልኩ። በደንቡ ተራ የሚለዋወጡት ሁለቱ ገበሬዎች ከውሃ አባቱ ጋር ቀርበው መዝገቡ ላይ አውራ ጣታቸውን ያትማሉ። ይህን አልነገርኩትም። "እሱ ቀላል ነው፣ እኛው እናስተካክለዋለን" አልኩት። ሁሉን ከወሰደ ለእኔ ምን ይተርፈኛል?

ዓርብ፣ ጥር 8
ዘካሪያስ ከኃላፊያችን ከአቶ አላምረው ቢሮ ሲወጣ አየሁት። እየተሳሳቁ። በማን?

ማክሰኞ፣ ጥር 12
የውሃ ተራው ገጽ ሠራ! "ሳቢራ" ብዬ ጻፍኩ፣ የእማማ ሳቢራ ስም ከነቀናቸው ብቅ አለ፦ ረቡዕ። አልዋሽም፣ ደስታው አስፈነጠዘኝ። በኮሌጅ የተማሩት ሲያዩኝ ደግሞ ይብስ ደስ አለኝ።

አቶ አላምረው ከነገ ጀምሮ የጉድጓዱን ፓምፕ የሚያስነሳው ሞተረኛ በዚህ ገጽ ይሥራ አሉ። መዝገቡ ቁም ሣጥን ገባ፤ እንደ ጡረተኛ።

ዘካሪያስ፣ "ፓስወርድዎን ለማንም አይስጡ፣ ለባለቤትዎም ቢሆን" አለኝ። ባሌን ምን ዶለው?

ሐሙስ፣ ጥር 14
ዋጃ ለቅሶ አለብኝ፣ የአክስቴ ባል። እስከ ቅዳሜ እዚያው ነኝ። ሥራ እንዳይቆም ፓስወርዱን ለጀሚል ሰጠሁት። የመሥሪያ ቤታችን ወግ ነው፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለባልደረባው ትቶ ይሄዳል። ለዚያ ከደሴ ለመጣው ልጅ ግን በሞቴም አልሰጥ።

ረቡዕ፣ ጥር 27
እማማ ሳቢራ ከሮቢት መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺን የሽንኩርት ማሳ ይዘው ነው የሚኖሩት።

"ልጄ፣ ዛሬን ጨምሮ ሁለት ረቡዕ ውሃ አጣሁ። ሞተረኛው ስምሽ ከተራው ወጥቷል፣ ያወጣው ኮምፒውተሩ ነው ይለኛል። ኧረ በአላህ፣ ኮምፒውተሩን ምን በደልኩት?"

ገጹን ከፈትኩ። እውነትም ረቡዕ ላይ ኑሀ የሚባል ገብቷል። እሳቸው ተጠባባቂ ሆነዋል። ደሜ ፈላ። ይህን ማን ያውቅበታል? ኮዱን ከሚያውቀው ሌላ ማን?

ዘካሪያስን ጠየቅኩት፣ ፊቱን እያየሁ። አልደነገጠም። "ማን እንደቀየረው ሲስተሙ መዝግቦታል። የሚያሳይ ገጽ ይሥሩ፣ አግዝዎታለሁ።" በገዛ እጁ ገመዱን አቀበለኝ አልኩ በሆዴ።

ዓርብ፣ ጥር 29
ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ ተከፈተ። አንዲት መስመር ብቻ...

"ሳቢራ ወጣ፣ ኑሀ ገባ። ጥር 15፣ ከጠዋቱ 4፡20። የቀየረው፦ ዓሊማ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥር 15 እኔ ዋጃ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ኑሀ ደግሞ... የጀሚል ሚስት ወንድም አይደል?

ዘካሪያስ መስመሩን አየ፣ እኔን አየ። ይኸው፣ አሁን ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 2
ጀሚልን ለብቻው አናገርኩት። አልካደም።

"ወላሂ ለክፋት አይደለም። ኑሀ ተበድሮ ነው የተከለው። የሳቢራ እኮ አንድ ቁራጭ ማሳ ናት።"

"ተራቸውን መልስላቸው፣ ሄደህም ለኃላፊው ተናገር።"

"ምን ብዬ? የሚታየው ያንቺ ስም ነው። ፓስወርዱን የሰጠሽውም አንቺ ነሽ። ይልቅ መስመሯን አጥፊያትና እንረፍ።"

ማጥፋት እችላለሁ። ተምሬያለሁ አሁን። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር... ብናገር ከሥራ ሊያስወጣኝ ይችላል። ዝም ብል እማማ ሳቢራ ነገ ምን ይበላሉ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። አላጠፋሁትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
አቶ አላምረው ዘንድ ገባሁ። ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ፓስወርዱንም፣ የደበቅኩትን የአውራ ጣት ደንብም። ዘካሪያስ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

"ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ አንድ ሰው ብቻውን ሊቀይረው አይችልም ነበር" አለኝ።

"ሥራዬን ልትቀማኝ የመጣህ መስሎኝ።"

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 9
የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የጀሚል ጉዳይ ዲስፕሊን ኮሚቴ ቀርቧል፤ ሰላምታ ነስቶኛል። አሁን ሁለቱ ገበሬዎችና የውሃ አባቱ ካላጸደቁ ተራ አይቀየርም። ኮዱን እኔ ጻፍኩት፣ ዘካሪያስ አረመልኝ።

ከሰዓት እማማ ሳቢራ መጡ። ባለፈው ረቡዕ ውሃ አግኝተዋል፤ የሽንኩርቱ ግማሽ ግን አልተነሳም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "አላህ ይቅር ይበልሽ" አሉኝ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም።

"ስሜ የቱ ጋ ነው?"

በጣቴ አሳየኋቸው። ከመቀነታቸው ስልክ አውጥተው ስክሪኑን ፎቶ አነሱ። አላማራቸውም መሰል ደገሙት።

"የልጄ ልጅ ታነብልኛለች። በየሳምንቱ እየመጣሁ አነሳለሁ" አሉ። ስልኩን መልሰው እየሸጎጡ፣ "አንቺን ጠርጥሬ እንዳይመስልሽ።"

ጠርጥረውኛል እንጂ።

ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት፤ ፊደሉንም አጎላሁላቸው።