የጠዋት አበባሽ

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣት የከለከለሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ። ከዚህ ያለፈ ጤና አልጠየቅኩትም።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልኩን ስላላመንኩት ነው። እጄ ብዕር ረስቷል፤ ቀስ እያልኩ ነው፣ ጽሑፌ ቢጣመም ታገሺኝ። አበባሽ መምጣት ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ፌስቡክ ላይ የምትለጥፊያት፣ ጤዛ ያለባት ጽጌረዳ፣ ከሥሯ ደኅና አደራችሁ ወገኖቼ የሚል ያለባት።

ልጄ እንየው እዚህ ዳላስ አጠገብ ማኪኒ ወደምትባል ከተማ ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ በመኪና አደጋ የሞተ ቀን፣ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ መኳንንት ሰው ይዘው ሮውሌት ሰፈር ካለው ቤቴ ደጅ ላይ ቆመው ነበር። መርዶውን እንደ ወጉ ሊነግሩኝ ከሥራ እስክመለስ ይጠብቁኛል። እኔ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የምገፋቸውን ሴትዮ አድርሼ፣ እረፍት ብዬ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት የልጄ ፎቶ ከሻማ ጋር መጣ። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር ይላል ሥሩ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ያኔ ደውለሽ፣ ለጠላት እንኳ እንዲህ አይነገርም ብለሽ ስታለቅሺ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ለቅሶ ብቻ ሆነ። አንዱን ካየሁ አሥር ያመጣል። የማላውቃት እናት ደረቷን ስትመታ እያየሁ እውል ጀመር። ልጄ ሄቨን አንድ እሑድ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ማሚ፣ ይሄ ነገር እኮ ያየሽውን ነው የሚሰጥሽ፣ ሶ የማትፈልጊውን ሃይድ አድርጊው አለችኝ። ጣቴን ይዛ አስተማረችኝ። የሚጠቅመኝን ደግሞ ፊት ፊት አደረግን፤ ስለ ስኳር በሽታ የምታስረዳዋን ነርስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ገጽ። ያንቺ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ማሚ፣ አክስቴ አበባ ሱቅ ከፈተች እንዴ፣ ይሄማ ምንም አይጠቅምሽም፣ ልደብቀው አለችኝ። እጇን ያዝኳት። ከሁሉም የሚጠቅመኝ እሱ ነው፣ ተነሥታለች ማለት ነው አልኳት። ከነርሷም በላይ አደረገችልኝ።

በዚያው ቀን አደራ አልኳት። ከእንግዲህ ክፉ ነገር ቢመጣ ቀድመሽ እይውና ደብቂልኝ፣ ሰዎች መጥተው ይንገሩኝ እንጂ ስልክ አይንገረኝ አልኳት። ኦኬ ማሚ አለች።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ስልክሽን አፕዴት ላድርገው ብላ ወሰደችና መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። አለርጂ ነው አለችኝ። በዚህ ወር ዳላስ ውስጥ አለርጂ የሌለበት ሰው የለምና አመንኳት። ከዚያ ወዲህ ገጽሽን ብፈልግ የለም። ብደውል አይነሣም። ሄቨን ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ትለኛለች። አብራኝ የምትሠራው ጸጋ የዚያው ያንቺ ከተማ ልጅ ናት፤ ትናንት ደብረ ታቦር ካለችው እናቷ ጋር በስልክ ስትሳሳቅ ሰማኋት። ወንበሬን እየገፋሁ አለፍኩ።

የእድራችን አባል እስከዳር በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት ስለምትሄድ፣ ለእህቴ ደብዳቤ ታደርሽልኛለሽ ወይ አልኳት። ፊቴን ሳታይ፣ ከቅዳሜ በኋላ ትሰጪኛለሽ አለችኝ። አቶ መኳንንትም ደወሉ። ቅዳሜ ሥራ ትገቢያለሽ ወይ አሉኝ። አልገባም አልኳቸው። እንግዲያው በጠዋት ብቅ እንላለን፣ ስለ እድሩ የምንነጋገረው አለ አሉኝ። እኔም ከእሳቸው ጋር ስንቱ ቤት በጠዋት ሄጃለሁ፤ ስለ እድሩ ነው እያልን።

የተደበቀውን መመለሻውንም ሄቨን አስተምራኛለች። ጣቴን አስጠግቼ ተውኩት። አደራ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሟን ከቀበረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ይህን ብቻዋን ይዛ፣ እፊቴ እየሳቀች፣ እራቴን እየሠራች ትዞራለች። እንዳወቅኩባት እንድታውቅ አልፈልግም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ቤቱን ጠርጌያለሁ። ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ፤ ሄቨን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፣ ተሸክማ አስገባችልኝ። የምቀይረው ልብስ የለኝም፤ የእንየውን ጥቁር ገና አላወለቅኩም።

በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ጉልበትሽን ያሳርፍልሽ። ደረጃ የሌለበት ቤት ይስጥሽ። ልጄን ካገኘሽው ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አበባሽን ይወድ ነበር።

ታናሽ እህትሽ