የዳኮታዋ ቀኝ ጎን

ሳን ሆዜ፣ ሐምሌ ፲፱፻፸፰

ባህሩ ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?

ትናንት የእህቴ ልጅ የሞዴል አውሮፕላን ኤግዚቢሽን ወሰደችኝ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሙጫና ብሩሽ ይዞ ቢታይ «ለየለት» ይባላል፤ እዚህ ሽበት የወረሳቸው ሰዎች አዳራሽ ሞልተው ስለ አንዲት ጎማ ይከራከራሉ። መሃላቸው ማንን አገኘሁ መሰለህ? የእኛን አየር መንገድ ዳኮታ አውሮፕላን! ክንድ ታክላለች። በግራ ጎኗ ቁርጥ የእኛዋን ናት፣ ጎኗ ላይ የተሳለው አንበሳ ሳይቀር። ቀኝ ጎኗ ግን ባዶ ነው።

ሠሪውን «ምነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ተሳፋሪ የሚገባው በግራ ስለሆነ ያገኘሁት ፎቶ ሁሉ የግራው ነው። በቀኝ በኩል አንበሳው የሚያየው ወደ አፍንጫዋ ነው ወደ ጭራዋ?» አለኝ። አንተና እኔም ያን ሁሉ ዓመት ሻንጣ የጫንነው በዚያው በግራው በር ነው፤ ቀኙን ልብ ብዬ አላየሁትም። ልጅቷ «ጀስት ጌስ፣ አንክል!» ትለኛለች፣ ዝም ብለህ ገምት ማለቷ ነው። ሰውዬው ደግሞ «የአገርህ አንበሳ ነው፣ አንተው ሳለው» ብሎ ብሩሹን አስጨበጠኝ። ብሩሹን መለስኩለት።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል አውሮፕላን ማደሪያው ሃንጋር ሂድ፣ በቀኝ በኩል ዞረህ እያትና ጻፍልኝ። እስከ መስከረም እዚሁ ነኝ፤ ሰውዬውም እጠብቃለሁ ብሏል። መይሙናንና ልጆቹን ሳምልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ። እኔ በግምት አንበሳ አልስልም!

አክሊሉ