ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሶላር

ሚያዝያ 9

አልሸጥኩትም። መጀመሪያ ይኸ ይጻፍ።

ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ፣ ከኋላዬ፣ በዐረብኛ፦ «ሐበሻዋ አሮጊት የካፉሪ ሰዎች እሷ ጋ ያስቀመጡትን ሶላር ሸጣ በላች።» የማልሰማ መስሏቸው። እናቶቻቸው ሳይወለዱ እኮ ነው ካርቱም የገባሁት። ዞር ብዬ አየኋቸው። ዳቦዬን ይዤ ወደ ሳጃና፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እውነቱ ይኸው። ስድስት ሰሌዳ፣ አንድ ትልቅ ባትሪ፣ ኢንቨርተሩ ከነካርቶኑ። ኋላ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ሰሌዳዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ጫፋቸው አልተነካም። አምና ሰኔ ላይ በአህያ ጋሪ ጭና ያመጣችው ሀጀራ ናት። ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ጌቶቿ ጦርነቱን ሸሽተው ካይሮ ገብተዋል። ሌባ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዞር እሷ ቀድማ አስወረደችውና... «እትዬ፣ አማና ነው። የጌታዬ የኡስታዝ አብዱልወሃብ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ወደ ገዳሪፍ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

አማና። በእኛ አደራ። አደራ አይነካም። ደሴ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ያዥልኝ በተባለችው እርሳስ አንድ መስመር የጻፈች ልጅ ክፍሉ ፊት ተንበርክካ ውላለች። ልጅቷ እኔ አይደለሁም። ግን ተምሬበታለሁ።

ሚያዝያ 13

ሉጥፊያ ዛሬም ጠየቀች። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን፤ ሌሎቹ ከተሰደዱበት አልተመለሱም። ስኳር አለባት። መድኃኒቷ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። መብራት ደግሞ የለም። የመንገዳችን ሽቦ በጦርነቱ ተቆርጦ ተሸጧል፤ ምሰሶው ብቻውን ቆሟል። ኢንሱሊኗን በቆርቆሮ አድርጋ ዚር ከሚሉት የውሃ ጋን ሥር፣ ጠብታው በሚያርሰው አሸዋ ውስጥ ቀብራዋለች።

«እትዬ የኔነሽ፣ ሁለቱን ብቻ ጣሪያ ላይ እናውጣ። ለትንሿ ፍሪጅ ብቻ።»

«የሰው ነው።»

«ሰሌዳው የሰው ነው። ፀሐዩስ? እሱንም አብዱልወሃብ ነው ያስቀመጠው?»

ሳቄ መጣ። ግን አልፈቀድኩም። ባለቤቱ ይፍቀድ እንጂ ስድስቱንም በጀርባዬ ተሸክሜ እወጣለሁ አልኳት።

«አንቺ ከወጣሽማ እኔ እታች ሆኜ እልል እላለሁ» አለች።

ሚያዝያ 17

ሙቀት። አሸዋው ቀትር ሳይደርስ ይደርቃል። ሲደርቅ ውሃ አፈስበታለሁ፣ ሲደርቅ አፈስበታለሁ። ይኸም እርዳታ ነው... አይደለም?

ሚያዝያ 23

የመብራት መስመር መጣ። ለእኛ አይደለም፤ እስከ ዳቦ ቤቱ ብቻ። እዚያ ጨፈሩ፣ እኛ ጭፈራውን ሰማን።

ሙሄዲን በር ላይ መጣ። ድሮ ራክሻ ይነዳ ነበር፣ ባለ ሦስት እግሯን። አሁን «መሐንዲስ ነኝ፣ ሶላር እገጥማለሁ» ይላል። እዚህ ተወልዶ አማርኛው እንደ ሰባራ ወንበር ነው፤ በጥንቃቄ ካልተቀመጡበት ይጥላል።

«ሐቦባ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው። «ያንቺ መንገድ ሽቦ የለም፣ ትራንስፎርመር የለም። ከህረባ፣ መብራት፣ ቶሎ አይመጣም ወላሂ። ሶላር አለሽ አሉ። ያላ፣ ልግጠም።»

«አለዎት ይባላል።»

«አለዎት። ግን ሶላር ተኝታለች።»

አባረርኩት። የሀጀራን ቁጥር ሞከርኩ። ዝግ።

ሚያዝያ 29

የሉጥፊያ እግር። ሚስማር ወግቷት ኖሯል፤ አልነገረችኝም። በጣቶቿ መሃል ጠቁሯል። መርፌዋን አንድ ቀን አላጎደለችም፣ ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። መድኃኒቱ በሙቀት ተበላሽቶ ይሆን? በከንቱ ይሆን ሰውነቷን የምትወጋው?

ኋላ ክፍል ገባሁ። የብርድ ልብሱን አንድ ጥግ ገለጥኩ። መልሼ ሸፈንኩት።

ግንቦት 2

የሉጥፊያ ልጅ ፋሪሃ ከካላክላ ሰፈር መጣች። እዚያ ጎረቤታቸው ሶላር አለው፤ ከፍሪጁ ቦታ ሊሰጣቸው ተስማምቷል። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፣ ልጆቹም እዚያው ይተኛሉ። ቢሆንም። የእናቷን እግር አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች። «ኸላስ» አለች። በቃ። ሌላ ቃል አልወጣትም፤ አማርኛ አጥሯት አይደለም።

ሉጥፊያ የክፍሏን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «አደራ፣ አንቺ ጋ ይሁን። ካንቺ ዘንድ የሚጠፋ ነገር የለም።»

ራክሻው እስኪመጣ ደጃፍ ተቀመጥን።

«ተቀየምሽኝ?»

«ማዓሌሽ፣ ግድ የለም እትዬ። አንቺ አደራሽን ጠብቂ፤ እኔ እግሬን ልጠብቅ።»

ግንቦት 3

ዚሩን ሞላሁት። ለማን?

ግንቦት 11

ሀጀራ ደወለች! ገዳሪፍ ናት፤ ስልኳ ተወስዶባት አዲስ ቁጥር አውጥታለች። ሰላምታው ሳያልቅ ሶላሩ እንዴት ነው፣ ይበቃችኋል ወይ አለች። የት እንዳስቀመጥኩት ነገርኳት።

«እንዴ፣ እትዬ የኔነሽ! እስካሁን አላስገጠሙትም?»

«አማና ነው ብለሽኝ!»

«አማናማ እንዳይጠፋ ነው እንጂ እንዳይሠራ ነው እንዴ? እርስዎ የወሎ ሰው አይደሉም? ጥገት ላም አደራ ብሰጥዎ ሳያልቧት ያሳድሯታል? ጡቷ አይታመምም?»

እኛ ቤት የሰው ላም ነበረች። ጌታዋ ቆላ ወርዶ አደራ ያላት። እናቴ ጠዋት ማታ ታልባት ነበር፤ ወተቷን ጠጥተን ነው ያደግነው። ሰውዬው ሲመለስ ላሚቱን አገላብጦ አየ፣ እናቴን መረቀ፣ ነድቶ ሄደ። እንዴት ረሳሁት? የትምህርት ቤቱን እርሳስ ያስታወስኩ ሴት የእናቴን ላም ረሳሁ።

ሀጀራ የአብዱልወሃብን ቁጥር ሰጠችኝ። «ካላመኑኝ ደውለው ይጠይቁት።» አመንኳት። ግን ደግሞ... ከራሱ አፍ ልስማ አልኩ።

ግንቦት 14

ካይሮ አያነሳም።

ግንቦት 16

አነሳ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ስሙን ሁለት ጊዜ አስጠራሁት።

«ሐጃ» አለኝ፣ «ቤቱ ተቃጥሏል። ሰሌዳውን ወስጄ የት ልስቀለው? ተጠቀሙበት። እኔማ እስካሁን የምታበሩበት መስሎኝ... እዚህ ሆኜ ሳስበው ደስ ይለኝ ነበር።»

አመሰገንኩት። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ካይሮ ሆኖ በመብራታችን ሲደሰት ከርሟል፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ነበርን። ሀጀራ በደወለች ዕለት እንኳ ብጀምር ምን ነበረበት? እሱን ጥበቃ ደግሞ ይኸን ያህል ቀን።

ግንቦት 18

ሙሄዲን ገጠመው። ጣሪያ ላይ ሲዘፍን ዋለ። ሰሌዳዎቹ ደህና ናቸው። ባትሪው ግን... ሽቦ አገናኘ፣ ጠበቀ፣ ነቀለ፣ እንደገና አገናኘ።

«ሐቦባ፣ ሞተ። ማን ገደለው?»

«ማንም አልነካውም።»

«እሱ ነዋ! ባትሪ ባዶውን ተቀምጦ፣ በዚህ ሙቀት፣ አንድ ዓመት... ይሞታል። አልፎ አልፎ ፀሐይ ብታበሉት ይኖር ነበር።» ከዚያ ባትሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው፣ «አላህ ይርሐሙ» አለ። ሻይ ይኖራል ወይ ብሎም ጠየቀ።

አፈላሁለት።

ሳልነካው ገደልኩት። ሌባ ቢወስደው ኖሮ ዛሬ የሆነ ሰው ቤት ይሠራ ነበር።

ግንቦት 21

ኢንቨርተሩ ያለ ባትሪም ቀን ቀን ይሠራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ይጠፋል። ሌሊቱስ? አሰብኩበት። አሮጌ ፍሪጄ ከጦርነቱ ወዲህ የእህል ቁምሳጥን ሆኖ ነበር፤ አጠብኩት። የበረዶ ቤቱን ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ጠቀጠቅኩት። ማታ በሩን ሳልከፍት አደርኩ። ጠዋት ሳይ፣ በረዶው ግማሹ እንኳ አልቀለጠም። ታች ያኖርኩት ውሃ ጥርስ ያማል።

ስለዚህ ባትሪም አያስፈልግም ነበር። ሁለት ሰሌዳና ጥቂት የውሃ ጠርሙስ። ሉጥፊያም ሁለት ነው የጠየቀችኝ።

ግንቦት 25

ካላክላ ሄድኩ። አንድ የበረዶ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልዬ። ሚኒባሱ ታጭቋል፤ አንድ ጎልማሳ «ሐጃ፣ ሕፃን ነው?» አለኝ የታቀፍኩትን እያየ። በረዶ ነው ስለው ሁሉም ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሊነኩት ፈለጉ። አስነካኋቸው።

ሉጥፊያ ፍራሽ ላይ ናት። ግራ እግሯ ተጠቅልሏል።

«ሁለት ጣት ሐኪም ቤት አደራ አስቀምጬ መጣሁ» አለች። «እንዳይነኩብኝ ንገሪልኝ።»

እኔ አለቀስኩ። የሳቀችው እሷ ናት።

ስለ አብዱልወሃብ ነገርኳት። ስለ ባትሪው፣ ስለ በረዶው። ቤትሽ ነይ አልኳት። ጠርሙሱን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ክፍሌንስ ታናፍሽልኛለሽ? ፍራሼ በዚህ ሙቀት ታፈነ እኮ።»

«አልከፈትኩትም» አልኳት። «ቁልፉን አደራ ስላልሽኝ...»

ሳቋ ጠፋ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ የሰው አትነኪም። ግን አንቺ ጋ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይታፈናል።»

ፋሪሃ ውሃ እንኳ ጠጪ አላለችኝም። ስወጣ ሉጥፊያ «ኢንሻአላህ» አለች። ቤትሽ ነይ ላልኳት መሆኑ ነው። በዚህ አገር ቃሉ መቼ እሺ፣ መቼ እንቢ እንደሆነ ከድምፁ እለየዋለሁ። የዛሬውን አልለየሁትም።

ሰኔ 3

በሩ ላይ ማከፋፈያ ሶኬት ሰቅያለሁ። ቀን ቀን የመንገዱ ሰው ስልኩን ይሰካል፣ ዚሩ አጠገብ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያወራል። አንዲት እናት የልጇን መድኃኒት ፍሪጄ ውስጥ አስቀመጠች። የዓይን ጠብታ ያመጡም አሉ። የማን የቱ እንደሆነ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ይኸን ልማዴን አልተውኩም።

ዛሬ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ፣ ከኋላዬ፦ «አሮጊቷ አበደች። የሰው ሶላር ለመንገደኛ ታድላለች።» አላረምኩም። ዞርም አላልኩም።

ከካላክላ ወሬ የለም። ፋሪሃ ስልኬን አታነሳም።

ነገ መጀመሪያ፦

ፀሐይ ሳትበረታ የሰሌዳዎቹን አቧራ ማስጠረግ። ሙሄዲን ይውጣ፣ እኔ መሰላሉን እይዛለሁ።

ባዶ ጠርሙሶቹን መሙላት።

በረዶ ወደ ካላክላ መውሰድ። ፋሪሃ ካልከፈተች ደጃፉ ላይ ትቼ መመለስ። በነጋታውም እንደዚሁ።

አይ... ከዚህ ሁሉ በፊት እስከ ዛሬ ያልከፈትኩትን የሉጥፊያን ክፍል መክፈት። ማንንም ሳልጠይቅ። በሩን፣ ቀጥሎ መስኮቱን። ትምጣም አትምጣም፣ ፍራሹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ማስጣት።